በታኅሣሥ ብርድ ጣና ዳር ዓሣ ማጥመድ፦ ጎህ ሲቀድ መውረድ ለምን እንደተውኩ

ጣቶቼ መንጠቆ ማሰር እምቢ አሉኝ። ታኅሣሥ ነበር፣ ገና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ባሕር ዳር ከተማ፣ ሽምብጥ አካባቢ ጣና ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ከውኃው ላይ ጉም እየተነሣ ነው። የናይለኑን ክር በመንጠቆዋ ቀዳዳ ለማሾለክ አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አምስቱንም ጊዜ ሳትኩ። በመጨረሻ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ፀሐይ እስክትወጣ ቁጭ አልኩ። ያን ቀን እስከ 3 ሰዓት ቆይቼ አንድም ዓሣ ሳይነካኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እንዲህ ያለው ቅዳሜ አንድ ሁለት አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ባልዲ ይዤ ነው የተመለስኩት። በጥቅምት እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሦስት አራት ቆረሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ማውጣት አይከብደኝም ነበር። ብርዱ ሲገባ ግን ዓሣው ድራሹ ይጠፋል። ወደ ጥልቁ ሄዷል ብዬ አስብ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ዓሣው አልራቀም፣ እኔ ነኝ ሰዓቱንም ቦታውንም የሳትኩት። ይህን የምጽፈው በእነዚህ ወራት ክር ይዛችሁ ወደ ጣና የምትወርዱ ሰዎች እኔ ያባከንኩትን ሁለት ዓመት እንዳታባክኑ ነው።

የሚያሳስተን አንድ ነገር አለ። እኛ ብርድ ሲባል ክረምት ነው የሚታየን። ባሕር ዳር ላይ ግን ክረምቱ ደመና ለብሶ ስለሚያድር ሌሊቱ ያን ያህል አይበርድም። ቁሩ የሚመጣው በበጋ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ሲል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ደመና በሌለበት ሌሊት የቀኑ ሙቀት ሽቅብ ያመልጣል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ንጋት አካባቢ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ያው ቀን ከሰዓት 26 ወይም 27 ዲግሪ ይሆናል። ጋቢ ለብሶ የወጣ ሰው እኩለ ቀን ላይ ሸሚዙን ያወልቃል። ዓሣውም ከዚህ መለዋወጥ ጋር ነው የሚኖረው።

ነገሩ የገባኝ በአንድ አዛውንት ነው። ከደንገል የተሠራች ታንኳቸውን ከውኃ አውጥተው ቀጥ አድርገው አቁመዋል። ደንገሉ የጠጣው ውኃ እየተንጠፈጠፈ ነው። እኔ አጠገባቸው እየተንቀጠቀጥኩ ክሬን እመለከታለሁ።

«ልጄ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው?» አሉኝ።

«ቆረሶ ነው አባባ።»

«ቆረሶ ገና አልነቃም። እስቲ እጅህን ውኃው ውስጥ ክተት።»

ከተትኩ። ሙቅ ነበር። እንዲያውም እጄን ማውጣት አልፈለግኩም። ሙቅ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ለአንተ ነው የሞቀህ፣ እጅህ ስለበረደ» አሉ። «ለእሱ በርዶታል። ወደ 4 ሰዓት ተኩል ናና ሞክር። እዚህም አይደለም፣ እዚያ ነው።» ከፊላው ጀርባ ያለችውን ጉልበት የማትደርስ ጠፍ ውኃ ጠቆሙኝ። እኔ ያቺን ቦታ ለሕፃናት መጫወቻ ነበር የምቆጥራት።

በ4 ሰዓት ተኩል ተመለስኩ። እስከ 6 ሰዓት አምስት ቆረሶ ያዝኩ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን እየተከታተልኩ፣ ሰዎችንም እየጠየቅኩ ምክንያቱን ተረዳሁት። ዓሣ እንደ እኛ የራሱ ሙቀት የለውም። የገላው ሙቀት የውኃው ሙቀት ነው። ውኃው ሲበርድ ደሙም ይበርዳል፣ የበላውም ቶሎ አይፈጭለትም፣ ስለዚህ አይርበውም። ቆረሶ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ነው። የሚበላውም በብርሃን ነው። ሌሊቱን በርዶት ያደረ ቆረሶ ፀሐይ ውኃዋን ካላሞቀችለት ትል አፍንጫው ሥር ብታንጠለጥሉለትም ዝም ይላችኋል።

ታዲያ ለምን ወደ ጥልቁ አይሄድም? ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ከላይ እስከ ታች ስለሚያማታው ሥር ተደብቆ የሚቆይ ሙቅ ውኃ የለም። በብርድ ወራት ቶሎ የሚሞቀው ዳር ዳሩ ነው። ሥሩ ጥቁር ጭቃ የሆነ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ነፋስ የማይመታው ውኃ። ጥቁር ጭቃ ፀሐይን ይጠጣል። ድንጋይም እንዲሁ። እኔ አሁን መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው። ከደንገል ወይም ከፊላ ጀርባ ያለች ትንሽ ኩሬ መሰል ቦታ፣ ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኛት፣ ዛፍ ያላጠላባት። የትልልቅ ሾላዎች ጥላ ለእናንተ ይመቻችሁ ይሆናል፣ ውኃውን ግን እስከ ቀትር አቀዝቅዞ ያቆየዋል።

ሌላም ነገር አለ። ጣና ከፍ የሚለው ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ ይሸሻል። ስለዚህ በጥቅምት ዓሣ የሰጣችሁ ቦታ በጥር ጭቃ ወይም ደረቅ መሬት ሊሆን ይችላል። «የእኔ ድንጋይ» ብሎ መጣበቅ አያዋጣም። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ዳር ዳሩን በእግሬ እዞራለሁ። ያለ ክር፣ ዝም ብዬ ለማየት። ለዓሣ ማጥመድ ካጠፋሁት ጊዜ ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይኸው መዞር ነው።

ስትዞሩ ወፎቹን እዩ። ጥቁርና ነጭ የሆነችውን፣ ምንቃረ ረጅሟን ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ታውቋታላችሁ። አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን ታርገበግባለች፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ትወድቃለች። እሷ ደጋግማ የምትወርድበት ጠፍ ውኃ ሞቋል፣ ጥቃቅኑ ዓሣም ወጥቷል ማለት ነው። በ2 ሰዓት ሽቦ ላይ ተኮራምታ ካያችኋት እናንተም ሻያችሁን ጠጡ።

እምቦጭ ካለበት ራቁ። ይህ አረም ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ የባሰበትም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ ግን ነፋስ እየገፋው ሌላ ቦታም ይመጣል። የሸፈነው ውኃ ፀሐይ አያገኝም፣ ከሥሩም አየር ያጥረዋል። ክራችሁም ሥሩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ይህን አረም ባየሁ ቁጥር ሆዴን ያመኛል።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። እኔ የምጠቀመው ረዘም ያለ ሸንበቆ፣ ቀጭን ናይለን፣ ትንሽ ቡሽና ከአተር የማትበልጥ እርሳስ ነው። በብርድ ወራት የለወጥኩት መጠኑን ነው። ሁሉም ነገር ያንሳል። መንጠቆዋ ትንሽ፣ ክሩ ቀጭን፣ ቡሹ የጣት ጥፍር የሚያክል። ቆረሶ ቀድሞውንም አፉ ጠባብ ነው። ሲበርደው ደግሞ አይጎርስም፣ ይቀምሳል። በጥቅምት የሽምብራ ፍሬ የሚያክል ሊጥ አደርግ ነበር፤ አሁን ከምስር አላሳልፍም። መንጠቆዎችን ማታ ቤት ውስጥ አስሬ፣ በካርቶን ቁራጭ ጠምጥሜ ነው የምወጣው። በበረደ ጣት ክር መቋጠርን ለማንም አልመኝም።

ትል በበጋ ማግኘት ከባድ ነው። መሬቱ ደርቆ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ የማገኘው ሁለት ቦታ ነው፤ ግቢያችን ያለችው ቧንቧ ሥርና እናቴ የቡና አተላ የምትደፋበት ጥግ። አርብ ማታ እቆፍራለሁ። ከእርጥብ አፈር ጋር ጣሳ ውስጥ አድርጌ ክዳኑን በምስማር እበሳና ማድ ቤት አሳድረዋለሁ። ውጭ ካደረ በርዶት ይደነዝዛል። የማይንቀሳቀስ ትል ደግሞ ዓሣ አይጠራም። ትል ከጠፋ የስንዴ ሊጥ ይሠራል። ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋችሁበት በደንብ ካሻችሁት ውኃ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ብዙ ሰው ዓሣ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ስለሆነ። በሞቃት ወር ቆረሶ ሲነካ ቡሹ ጥልቅ ይላል፣ ታያላችሁ። በብርድ እንዲህ አይሆንም። ቡሹ ዘንበል ይላል። አንዳንዴ በተቃራኒው ትንሽ ከፍ ብሎ ይጋደማል። ይህ የሚሆነው ዓሣው ትሉን ከሥር አፉ ላይ ይዞ ሳይሄድ ሲቆም፣ ወይም እርሳሷን ጭምር ቀስ ብሎ ሲያነሣት ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ነፋስ ያደረገው እየመሰለኝ ዝም ብዬ አሳልፌዋለሁ። አሁን ቡሹ ያለ ምክንያት ሁለት ሰከንድ ያህል ዝንብል ብሎ ከቆየ ሸንበቆውን ቀስ ብዬ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን፣ አንድ ጋት ያህል እስባለሁ። ከባድ ከሆነ ዓሣ ነው። ከቀለለ ትሉ ቦታውን ስለቀየረ ብቻ አንዳንዴ ተከትሎ ይመጣል። በኃይል መንጠቅ አያስፈልግም። የቆረሶ ከንፈር ይቀደዳል።

ወረወርኩ ብላችሁም ቶሎ ቶሎ አታንሡ። በርዶት ያለ ዓሣ አይሮጥም። ትሉን ባለበት ተዉለት። እኔ ሰዓቴን አይቼ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ላለማንሣት ከራሴ ጋር ተስማምቻለሁ።

አምባዛ ሌላ ነገር ነው። እሱ በጭቃ ሥር፣ በማሽተትና በጢሙ በመዳሰስ የሚኖር ዓሣ ነው። ሲመሽና በሌሊት ይወጣል። የዶሮ አንጀት ወይም የዓሣ ሆድቃ ቢደረግለት በብርድም ይበላል። ይሁንና እኔ ማታ ጣና ዳር መቀመጥ ትቻለሁ፣ ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ። ከያዛችሁት ግን ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ባለው ክንፉ ላይ ያለውን እሾህ ተጠንቀቁ። እጅ በደነዘዘበት ጊዜ መወጋቱ አይታወቅም፣ ኋላ ቤት ሲገባ ነው የሚያቃጥለው።

ስለ ነፋሱ። በበጋ ጣና ጠዋት መስታወት ነው። ከቀትር በኋላ መሬቱ ሲግል ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው መንፈስ ይጀምራል፣ ማለትም ከሰሜን። ዳር ለተቀመጠ ሰው መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነው። ከላይ የሞቀውን ውኃ ወደ እኛ ዳርቻ ይገፋልናል፣ የሚበላውንም ይዞ ይመጣል። ከ7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥሩ ጥሩ ቆረሶ አግኝቼ አውቃለሁ። ማዕበሉ ጭቃውን አንሥቶ ውኃው ቡና በወተት ሲመስል ግን አለቀ፣ ጠቅልላችሁ ሂዱ።

ታንኳ ላይ ላለ ሰው ይህ ነፋስ ቀልድ አያውቅም። በአንድ ጥር ከጓደኛዬ ጋር ታንኳ ተውሰን በደብረ ማርያም ደሴት በኩል ወጥተን ነበር። ዓሣው እየበላ ስለነበር መመለሻ ሰዓታችንን አሳለፍን። 8 ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ተነሣ። ታንኳ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም። ሞገዱ ጎናችንን እየዘለለ ገባ፣ እስከ ወገባችን ራስን። ፀሐይ እያለ ብርድ ይይዘናል ብለን አላሰብንም። ግን በረጠበ ልብስ ላይ ነፋስ ሲመታ ሙቀታችንን አራግፎ ወሰደው። ጓደኛዬ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ቀጥሎ መንቀጥቀጡ ቆመና ዝም አለ። ስጠራው እየዘገየ ይመልስልኛል። መቅዘፊያው ከእጁ ወደቀ። እኔ ያኔ ነው የፈራሁት። የሚንቀጠቀጥ ሰው ገና እየታገለ ነው። መንቀጥቀጡ ቆሞ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ግን ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

ደንገሉ ውስጥ ገብተን ቆምን። ሌሎች አጥማጆች አይተውን ደረሱልን። የረጠበውን ልብስ አወለቁለት፣ በደረቅ ጋቢ ጠቀለሉት፣ እሳት አነደዱ። አንዱ አረቄ አውጥቶ ሊሰጠው ሲል ሌላው ከለከለው። ልክ ነበር። አረቄ ሲጠጡት የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ የውስጡን ሙቀት ያስበትናል። የሰጡት በስኳር የተመታ ትኩስ ሻይ ነው፣ እሱም በደንብ መዋጥ ከቻለ በኋላ። ቀስ እያለ ወደ ልቡ ተመለሰ። እጅና እግሩን በኃይል አላሹትም፣ እሳቱ ላይም አላስጠጉትም። ደረቅ ልብስና ጊዜ ነው የሚያስፈልገው።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ወቅት ታንኳ ላይ ከወጣሁ 6 ሰዓት ላይ መሬት እረግጣለሁ። ዓሣ እየበላም ቢሆን። ላይፍ ጃኬት አስሬ ነው የምወጣው። አንድ ሹራብና አንድ ሱሪ በፌስታል ጠቅልዬ፣ አፉን አጥብቄ አስሬ እይዛለሁ። ፔርሙዝ ሻይም አይቀርም።

ማታ የማልቀመጥበትን ምክንያት ልንገራችሁ። አንደኛው ጉማሬ ነው። በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በኩል። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ሲነጋ ወደ ውኃ ይመለሳል። በእሱና በውኃው መካከል የተገኘ ሰው ነው የሚጎዳው። በደንገል መካከል የተረገጠ ሰፊ መንገድ ካያችሁ የሰው አይደለም፣ እዚያ አትቀመጡ። ጎህ ሲቀድ መሄድ የተውኩት ለቆረሶው ብቻ ሳይሆን ለዚህም ጭምር ነው። ሁለተኛው ትንኝ ነው። ከዝናብ በኋላ ባሉት ወራት ወባ በአካባቢያችን ይበረታል።

ሌላው ቢልሃርዝያ ነው። ጣና ዳር ያለ በሽታ ነው፣ ጠፍ ውኃ ውስጥ ሣር ላይ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ነው የሚመጣው፣ በቆዳ በኩል ይገባል። ጠፍ ውኃው ፈልጉ ስላልኳችሁ ገብታችሁ ቁሙ ማለቴ አይደለም። ከዳር ሆናችሁ ረጅም ሸንበቆ ተጠቀሙ። መግባት ግድ ከሆነ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ አድርጉ። ሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ሰገራ ካያችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሰገራችሁን አስመርምሩ፣ መድኃኒት አለው።

ቢልጫ ስለሚባለው ዓሣም ትንሽ ልበል። የጣና ቢልጫ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ከ15 ያላነሱ ዓይነቶች አሉት፣ አብዛኞቹም ከዚህ ሐይቅ ውጭ የትም አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። የወንዞቹ አፍ ላይ መረብ እየተዘረጋ ቁጥራቸው በጣም ቀንሷል። በበጋ ዳር ላይ ትንሽ ቢልጫ መንጠቆዬ ላይ ሲመጣ እመልሰዋለሁ።

ሲመለስ ደግሞ አመላለሱ አለው። በብርድ ጠዋት እጃችን ደረቅና ሻካራ ነው። በደረቅ እጅ የተያዘ ዓሣ ገላው ላይ ያለው ልጋግ ይገፈፋል፣ ያ ልጋግ ደግሞ ከበሽታ መከላከያው ነው። እኔ መጀመሪያ እጄን ውኃ ውስጥ እነክራለሁ። ዓሣውን ከውኃው ሳላወጣ መንጠቆዋን በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ መጣችበት እገፋታለሁ። ከለቀቀች በኋላ መዳፌ ላይ ትንሽ ያርፋል። በርዶት ስለሆነ ወዲያው አይፈተለክም። ጅራቱ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ሲንቀሳቀስ እጄን ከሥሩ ዝቅ አደርጋለሁ፣ በራሱ ጊዜ ወደ ፊላው ይገባል።